አባቴ የግፊት መድኃኒታቸውን ትተው «የእርጅና ኪኒን» ልጀምር አሉ

ጥያቄ፦ «አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ግፊት ስላለባቸው በየቀኑ አምሎዲፒን ይወስዳሉ። አሜሪካ ያለችው እህቴ በቅርቡ ኤንኤምኤን የሚባል እንክብል ላከችላቸው። ‹እርጅናን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ሳይንቲስቶች አረጋግጠውታል› ብላ ቪዲዮም አሳየቻቸው። አሁን አባቴ ‹ዕድሜ ልኬን የግፊት መድኃኒት ከምውጥ ይሄን ልጀምርና ያንን ልተወው› እያሉ ነው። እውነት እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቷል? ምን ልበላቸው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። አባትሽ የግፊት መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ። ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ደውዪላቸው። የቀረውን ቀስ ብለን እናወራለን።

እንዲህ የቸኮልኩት በምክንያት ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ከማያቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ በአባትሽ ዕድሜ ያሉ ናቸው። አምሎዲፒን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይሰማውም። «አያችሁ፣ ያለሱም ደህና ነኝ» ይላል። ግፊቱ ግን ውስጥ ውስጡን ወደ ነበረበት ይመለሳል። ራስ ምታት እንኳ ላይኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ቤተሰብ የሚነቃው ስትሮክ ከመጣ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። የያዙትን ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። ሰባት ብልቃጥ ቆጠርኩ። የዓሣ ዘይት አለ፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል አለ፣ «ለወጣትነት» የሚል የተጻፈበትም አለ። የግፊት መድኃኒታቸውን ግን ብፈልግ አጣሁት። «እሱን ከተውኩት ወር አለፈኝ» አሉኝ። ስለካቸው 184 በ102። ለምን እንደተዉት ስጠይቃቸው፣ «እነዚህን የላኩልኝ ልጆቼ ናቸው፣ እንዴት አልውጠው?» አሉ።

ይሄ ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እንክብሉ ለሳቸው መድኃኒት ብቻ አልነበረም። ከሩቅ አገር የመጣ የልጅ ናፍቆት ነው። ስለዚህ እህትሽን «ተሸውደሽ ነው» አትበያት። አባትሽንም «ዝም ብሎ ወሬ ነው» አትበያቸው። ደግሞም እህትሽ ያየችው ነገር ሙሉ በሙሉ ወሬ አይደለም።

በቤተ ሙከራ ውስጥ እርጅና ሊነካ የሚችል ነገር መሆኑ ታውቋል። (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1993 ሲንቲያ ኬንየን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ አንዲት አንድ ሚሊሜትር የምታህል ትል ላይ አንድ ጂን (በውርስ የሚተላለፍ የሴል መመሪያ) ብቻ የተለወጠ እንደሆነ ትሏ እጥፍ ዕድሜ እንደምትኖር አሳዩ። አንድ ጂን ብቻ! ያኔ ብዙ ሰው ማመን አቅቶት ነበር። በ2006 ደግሞ ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ አራት ጂኖችን ወደ አይጥ የቆዳ ሴል አስገብቶ ሴሉን እንደ ጽንስ ሴል አደረገው። ለዚህ ሥራ በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ።

እህትሽ ያየችው ቪዲዮ ምናልባት ከዚህ የተወለደ ይሆናል። በ2020 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከአራቱ ጂኖች ሦስቱን ወደ አይጥ ዓይን አስገቡ። የዓይን ነርቫቸው የተጎዳና ያረጁ አይጦች ከእይታቸው የተወሰነውን መልሰው አገኙ። አራተኛውን ጂን ለምን ተዉት ብትዪኝ፣ ከካንሰር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ትልቁ ፈተናም እዚህ ላይ ነው። ሴልን ወደ ኋላ ስትመልሺው መቼ እንደሚቆም ማወቅ አለብሽ። አልፎ ከሄደ ማንነቱን ይረሳል። የጉበት ሴል ጉበትነቱን ከረሳ ወጣት ጉበት አይሆንልሽም፣ ዕጢ ነው የሚሆንብሽ።

በ2024 ደግሞ ከለንደንና ከሲንጋፖር አንድ ጥናት ወጣ። ኢንተርሉኪን 11 የሚባል ብግነትን (የሰውነት መቆጣትን) የሚያባብስ ፕሮቲን አለ። ይሄን ፕሮቲን የሚያግድ መድኃኒት 75 ሳምንት ለሞላቸው አይጦች ሰጡ። በሰው ወደ 55 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ዕድሜያቸው ወንዶቹ ከ22 በመቶ በላይ፣ ሴቶቹ 25 በመቶ ጨመረ። ካንሰራቸውም ቀነሰ። ይሄን ሳነብ ደስ ብሎኛል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የራፓማይሲን ታሪክ ነው። በ1964 ከካናዳ የሄዱ ተመራማሪዎች በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ካለችው የፋሲካ ደሴት አፈር ቆፍረው ይዘው ተመለሱ። የአገሬው ሰው ደሴቲቱን ራፓ ኑኢ ይላታል። በዚያ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ አንድ ንጥረ ነገር ወጣ። በደሴቲቱም ስም ተሰየመ። መጀመሪያ ለፈንገስ ይሆናል ተብሎ ነበር። ኋላ የሰውነት መከላከያን እንደሚያዳክም ታወቀ፤ ከ1999 ጀምሮ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች አዲሱን ኩላሊት ሰውነታቸው እንዳይጥለው ይወስዱታል። በ2009 ሦስት የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች 600 ቀን ለሞላቸው አይጦች ሰጧቸው። በሰው ስልሳ ዓመት ገደማ ነው። በዚያ ዕድሜ ተጀምሮም ወንዶቹ 9፣ ሴቶቹ 14 በመቶ ያህል ረዘም አድርገው ኖሩ።

አሠራሩ ቀላል አማርኛ አለው። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ምግብ መኖር አለመኖሩን የሚያይ አንድ ፕሮቲን አለ። ምግብ ሲኖር «ገንቡ፣ አድጉ» ይላል። ምግብ ሲጠፋ ዝም ይላል። እሱ ዝም ሲል ሴሉ ቤቱን ማጽዳት ይጀምራል። የተበላሸ ፕሮቲን፣ ያረጀ የኃይል ማመንጫ፣ የተጠራቀመ ጉድፍ እየሰበሰበ ይፈጨዋል። ራፓማይሲን ያንን ፕሮቲን ዝም ያሰኘዋል። ሴሉ ጠግቦ ሳለ የራበው ይመስለዋልና ወደ ጽዳቱ ይሄዳል። የጽዳቱን ምሥጢር የፈታው ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 ኖቤል አግኝቶበታል።

ታዲያ ለምን ለአባትሽ አላዝም? አፍ ያቆስላል፣ የደም ቅባትና ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ የሰውነት መከላከያንም ያዳክማል። ቲቢ ከደጃችን ባልጠፋበት አገር የ71 ዓመት ሰው መከላከያ በማያስፈልግ ነገር አይነካም። ጤነኛ ሰው ላይ ዕድሜ ስለመጨመሩም ማስረጃ የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን በግላቸው እየገዙ የሚውጡ ሰዎች አሉ። ልቤ ለነሱ ይፈራል።

አሁን ከአይጥ ወደ ሰው ያለውን ርቀት እንየው። የቤተ ሙከራ አይጥ ንጹሕ ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። የሚበላው የተመጠነ ነው። ብዙውን ጊዜ እህት ወንድሞቹ በዘር አንድ ናቸው። ሲሞት በአብዛኛው በካንሰር ነው። የእኛ አባቶችና እናቶች ግን በልብና በአንጎል የደም ሥር ሕመም ነው ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት። ስለዚህ አይጥን ያቆየ ነገር ሁሉ አባትሽን ያቆያል ማለት አይደለም።

ይሄን ስልሽ ከባዶ ተነስቼ አይደለም። በወይን ልጣጭ ውስጥ ያለው ሬስቬራትሮል ትዝ ይልሻል? በ2000ዎቹ አጋማሽ ዓለም ሁሉ ስለሱ ነበር የሚያወራው። አንድ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ በ2008 በዚህ ዘርፍ የሚሠራውን ትንሽ ድርጅት በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከአምስት ዓመት በኋላ ዘጋው። ጤነኛ አይጦች ላይ በጥንቃቄ ሲሞከር ሬስቬራትሮል ዕድሜ አልጨመረም። የቅርቡን ደግሞ ውሰጂ። በ2023 ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከዕድሜ ጋር እንደሚቀንስ፣ ለአይጥ ሲሰጥም ዕድሜ እንደሚያረዝም ተጻፈ። ሰው ሱቅ ሱቁን ሞላው። በ2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ሰዎችን፣ ጦጣዎችንና አይጦችን ለዓመታት ተከታትለው ሲያዩ በደም ውስጥ ያለው ታውሪን ከዕድሜ ጋር አልቀነሰም። እንዲያውም በብዙዎቹ ጨምሯል። የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች ዋሽተው አይደለም። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይፈትሻል። ችግሩ ሻጩ የሚቸኩለው ከፍተሻው በፊት መሆኑ ነው።

ወደ አባትሽ ብልቃጥ እንምጣ። ኤንኤምኤን ሰውነት ናድ የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ሴል ከምግብ ኃይል ለማውጣት ናድ ያስፈልገዋል። ዕድሜያችን እየገፋ ሲሄድ በአንዳንድ የሰውነት ክፍሎች ይቀንሳል። «ከቀነሰ እንጨምርለት» የሚለው ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። እንክብሉን የዋጡ ሰዎች ደም ላይ ናድ እንደሚጨምርም ታይቷል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

በ2021 በአሜሪካዋ የሴንት ሉዊስ ከተማ አንድ ጥናት ተደረገ። የወር አበባ ያቆሙ፣ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው፣ ስኳር ሊጀምራቸው የተቃረቡ 25 ሴቶች ለአሥር ሳምንት ኤንኤምኤን ወይም ባዶ እንክብል ወሰዱ። ኤንኤምኤን የወሰዱት ጡንቻቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻለ። ጥሩ ነገር ነው። የደም ስኳራቸው ግን አልወረደም። ቅባታቸው አልተስተካከለም። እና ይሄን ለአባትሽ አንብቢላቸው፦ የደም ግፊታቸውም አልቀነሰም።

ኤንኤምኤን የሰውን ዕድሜ እንደሚጨምር ያሳየ ጥናት የለም። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሌላ እንክብል በ2021 በሦስት ቤተ ሙከራዎች አይጦች ላይ ተሞክሮ ዕድሜ አልጨመረም። አሜሪካ ውስጥ ተጨማሪ ምግብ የሚባሉትን የሚመለከተው የ1994 ሕግም አምራቹ ከመሸጡ በፊት ምርቱ እንደሚሠራ እንዲያረጋግጥ አያስገድደውም። «ከአሜሪካ የመጣ» ማለት «የተረጋገጠ» ማለት አይደለም። እኛ ዘንድ ይሄ ሁለቱ በጣም ይምታታሉ።

አሁን እኔን በጣም ወደሚያስደስተኝ ክፍል ደረስን። ሰው ላይ የተሠሩ፣ አባትሽን በቀጥታ የሚመለከቱ ግኝቶች አሉ።

አንደኛው ከገጠር ቻይና ነው። በ2025 ውጤቱ ወጣ። 326 መንደሮች፣ ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ግፊታቸው ያልተስተካከለ ሰዎች። በግማሾቹ መንደሮች የመንደር ጤና ሠራተኞች የሰዉን ግፊት እየለኩ፣ በተሰጣቸው መመሪያ መሠረት መድኃኒቱን እየጨመሩና እየቀነሱ ተከታተሉ። ውድ ማሽን የለም፣ አዲስ መድኃኒት የለም። ያው የተለመዱት ርካሽ የግፊት ኪኒኖች ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ በነዚህ መንደሮች የመርሳት በሽታ 15 በመቶ ያነሰ ሆነ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት በሚዞሩበት አገር ሆኜ ይሄን ሳነብ ልቤ ተነክቷል። የተሠራው እኛም ባለን ዓይነት ነገር ነው።

አየሽ፣ አባትሽ አእምሯቸውን ከእርጅና የሚጠብቅ ኪኒን ከፈለጉ እጃቸው ላይ ያለው እሱ ነው። ሊጥሉት ያሰቡት!

ሁለተኛው ከዌልስ ነው። አልማዝ ባለጭራን ታውቂያለሽ፣ ያ በጎን ወይም በፊት ላይ እንደ እሳት የሚያቃጥል ሽፍታ። በ2013 ዌልስ ለአረጋውያን የአልማዝ ባለጭራ ክትባት መስጠት ስትጀምር ድንበር አበጀች። ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 ወዲህ የተወለደ ክትባቱ ይገባዋል፣ ከዚያ በፊት የተወለደ አይገባውም። በአንድ ሳምንት የሚበላለጡ ሰዎች አንዱ አገኘ፣ ሌላው አጣ። በሌላ ነገር ግን ልዩነት የላቸውም። ተመራማሪዎች ሁለቱን ወገን ሰባት ዓመት ተከትለው አነጻጸሩ። የተከተቡት የመርሳት በሽታ የያዛቸው በአንድ አምስተኛ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ገና እየተጠና ነው። የነርቭ ውስጥ ቫይረስ እንዳይቀሰቀስ ማድረጉ አንጎልን ይጠቅም ይሆናል። አባትሽ እህትሽ ጋ ለመሄድ ካሰቡ እዚያ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አዲሱ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ይመከራል። እህትሽ ሐኪሟን ትጠይቅላቸው። ከብልቃጡ የተሻለ ስጦታ ነው።

ሦስተኛው የቆየ ነው፤ በ1990 የታተመ። ቦስተን አካባቢ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ያሉ አሥር ሰዎች፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ፣ ለስምንት ሳምንት እግራቸውን በክብደት አሠሩ። የጭናቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በከዘራ ይሄዱ የነበሩ ሁለቱ ከዘራቸውን ጣሉ። ዘጠና ዓመት! ስለ እርጅና ሲወራ ከማነሳቸው ጥናቶች ይሄን የሚያህል አላውቅም። ጡንቻ ዕድሜ አይቆጥርም፤ ከጠሩት ይመጣል።

እኔ ዘንድ የሚመጡ አባቶችን መጀመሪያ የማስደርጋቸው አንድ ነገር አለ። «አባባ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ከወንበሩ ይነሱ» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይወዛወዛል። አንዳንዱ እጁን ሳይዘረጋ መነሳት አይችልም። ይሄ ከብዙ የደም ምርመራ የበለጠ ይነግረኛል። አባትሽንም ቤት ሞክሪያቸው። ከከበዳቸው ጠዋትና ማታ ጠረጴዛ ይዘው አሥር ጊዜ ይነሱ ይቀመጡ። ሳምንት ሲያልፍ በአንድ እጅ፣ ቆይቶ ያለ እጅ። ደረታቸውን የሚጨመድዳቸው ወይም የሚያዞራቸው ከሆነ ግን አቁመው ሐኪም ይዩ።

ጾምን የሚያነሳ አይጠፋም፣ እኔንም በየሳምንቱ ይጠይቁኛል። ምግብ መቀነስ እርጅናን ያዘገያል ወይ? አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓመት በፈጀ ሙከራ ጤነኛ ጎልማሶች ምግባቸውን በ12 በመቶ ያህል ቀነሱ። የእርጅና ፍጥነት መለኪያ በሆነ የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ዝግ ብሎ ታየ። እነዚያ ግን ወጣትና ጎልማሳ ናቸው። የ71 ዓመት ሰው ትልቁ ሥጋቱ ጡንቻው መሟሸሹ ነው። ጾም የነፍስ ነገር ነው፣ እኔ አልገባበትም። አባትሽ የሚጾሙ ከሆነ ግን በሚበሉበት ሰዓት ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስርና ባቄላው አይጉደል፣ ለውዝም ይጨመር። እንጀራ በቲማቲም ብቻ ጡንቻ አያቆምም። ጨውንም ቀንሺላቸው። የግፊት መድኃኒቱንም በጾም ሰበብ እንዳይዘሉ። ሰዓቱን ሐኪማቸው ያመቻችላቸዋል።

ጆሯቸው ከከበደ ደግሞ ዝም አትበዪ። ለመርሳት በሽታ ተጋላጭ የሆኑ አረጋውያን ላይ በተደረገ ጥናት የመስሚያ መሣሪያ የአእምሮን መዳከም በግማሽ ያህል አዘግይቷል። ሰው የማይሰማ ከሆነ ከጨዋታ ይርቃል፣ ከጨዋታ የራቀ ደግሞ ቶሎ ያረጃል።

እንግዲህ ምን ልበላቸው ላልሽው። «አባዬ፣ ይሄ ከንቱ ነው» ብለሽ አትጀምሪ። ብልቃጡን ይዘሽ አብረሻቸው ወደ ሐኪማቸው ሂጂ። የሚወስዱትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አውጡት። ሐኪሙ ይጠቅማል ሳይሆን «ከሌላው መድኃኒትዎ ጋር አይጋጭም» ካላቸው፣ ልጃቸው የላከችውን ቢውጡ ልባቸው ያርፋል። የግፊቱ ግን አይነካም። ይሄ የማይደራደሩበት ይሁን። እግራቸው የሚያብጥባቸው ከሆነ፣ ይሄ አምሎዲፒን የሚያመጣው የታወቀ ነገር ነው፣ ምናልባት ሊተዉት የፈለጉትም በሱ ምክንያት ይሆናል። ጠይቂያቸው። አባቶቻችን ይሄን አፍ አውጥተው አይናገሩም። መድኃኒቱ በሌላ ሊቀየር ይችላል።

ለእህትሽ ደግሞ እንዲህ በያት፦ በሚቀጥለው ብልቃጥ ዋጋ ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ትላክላቸው። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን አይደለም። መጠቅለያው ለክንዳቸው የሚሆን መሆኑን ታረጋግጥ። ሲለኩ ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ወንበር ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። እግራቸው አይነባበር፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልባቸው ትክክል ይረፍ። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ሁለቱንም ጻፉት። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ጻፉና ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪማቸው ሂዱ።